ይሄኛው ልምምድ አይደለም

ሐሙስ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል

ለእህቴ ለእትዬ፣

ዛሬን ብቻ እመኚኝ። በሞቴ እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ዕድሜ ልክሽን ውሸታም በይኝ ግድ የለኝም፣ ዛሬን ብቻ እመኚኝ። ይሄን ወረቀት አጣጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ማታ ረጋ ብዬ አነበዋለሁ እንዳትዪ፣ እዛው የተቀበልሽበት በር ላይ ቆመሽ አንብቢው። እማ ታማለች። እውነተኛውን ነው የታመመችው፣ አንቺ ያስጠናሽኝን አይደለም። ማለቴ አንቺ ያስጠናሽኝን ራሱን ነው፣ ግን የእውነት ነው። አየሽ፣ ገና ስጀምር ተምታታብኝ።

ስልክ ስደውል የመጀመሪያዋን ቃል ሰምተሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ አንዴ ጠርቶ ይቋረጣል፣ ቁጥሬን ዘግተሽው ነው መሰለኝ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እንቁላል የሚያመላልሰው ሾፌር ዛሬ ወደ እናንተ ከተማ ይሄዳል፣ በምትሠሪበት ጤና ቢሮ በር ነው የሚያልፈው። ከእጄ ግን አይቀበለኝም፣ መስኮቱ ላይ ድንጋይ ጫኝበትና ዞር በይ፣ እኔ በጓንት አነሳዋለሁ ብሎኛል። እሱ ጭኖ እስኪጨርስ ነው ጊዜ ያለኝ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ፣ ከአምስተኛ ክፍል በኋላ እስክሪብቶ ይዤ አላውቅም። እማ አጠገቤ ናት፣ እያቃሰተች ነው፣ እየሰማኋት ነው የምጽፈው።

ከስሩ ጀምሬ ልንገርሽ፣ የምታውቂውንም ቢሆን፣ ምክንያቱም ከየቱ ጋ እንደተበላሸ ካላየሽ አታምኚኝም።

ያን ሰሞን ልትጠይቂን መጣሽ አይደል። ለሐኪሞች መልእክት ነው የምልከው አልሽን፣ በየጤና ጣቢያው ላሉት ሁሉ፣ ኃይለኛ ጉንፋን ተነስቷል፣ ከዶሮ የሚተላለፍም አለ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ካያችሁ ለብቻው አስቀምጡና ቶሎ ደውሉልን፣ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ እያልሽ። እማ ደግሞ፣ ታውቂያታለሽ፣ "ታዲያ ያነቡልሻል?" አለችሽ። አንቺም ሳቅሽና "እሱን ለማየት እኮ ነው የመጣሁት" አልሽ። ከዚያ ወደኔ ዞረሽ "ጩጬ፣ አንቺ ታምመሽ ታውቂያለሽ?" አልሽኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ኮራ ብዬ "አንድም ቀን" አልኩሽ።

እንደዚያ ነው የተያዝኩት። ጤና ጣቢያው ፊቴን አያውቀውማ። ለሐኪሞቹ ሳይነገራቸው የውሸት በሽተኛ እንልክባቸዋለን፣ ልምምድ ነው የሚባለው አልሽኝ፣ ምን እንደሚያደርጉ በዚያ እናያለን። ስትዋሺ እንዳትደናበሪ ከራስሽ ኑሮ እንውሰድ አልሽና እዚህ እማ አልጋ ላይ አስቀምጠሽ አስጠናሽኝ፣ ማንበብ ስለሚከብደኝ በቃል። "እንቁላል ለቀማ ነው የምሠራው። ዶሮዎቹ ድንገት ማለቅ ጀመሩ። ከዚያ እናቴን ትኩሳት ያዛት። ከዚያ እኔን። ትንፋሽ ያጥረኛል።" እስኪሰለቸኝ አስደጋገምሽኝ። እማ ከማጀት ሆና "እኔን ምን ውስጥ ነው የምታስገቡኝ? ስሜን በሽታ ላይ ለምን ትጠሩታላችሁ?" አለች። አንቺ "ወግ እኮ ነው እማ" አልሻት። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ የፍል ውሃ ጠርሙስ ብብቴ ስር አስያዝሽኝ፣ የትኩሳት መለኪያው እንዲያብድ ብለሽ። ቀይ ከረሜላ ሰጠሽኝ፣ አኝኬ ስስል ደም እንዲመስል። ደግሞ ከሁሉም አጥብቀሽ ምን አልሽኝ፣ "ልምምድ ነው ወይ ብለው ከጠየቁሽ ካጂ። ማዪ፣ አልቅሺ፣ መሬት ላይ ተንከባለዪ። ልምምዱን የምናቆመው እኛ ነን እንጂ አንቺ አይደለሽም።" እንዳልሽኝ አደረግኩ። ዶክተሩ ጠርጥሮ "ከየት ነው የላኩሽ?" ሲለኝ "እማ ትሙት ታምሜ ነው" አልኩት። ያኔ በአፌ መጣልኝ፣ ሰው ሲምል እንደሚለው ነው ያልኩት። ከዚያ አንቺ ከበሩ ጀርባ ወጥተሽ "ልምምዱ አልቋል" አልሽ፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ ዶክተሩ ግንባሩን ጠረገ፣ ጤና ጣቢያው አንደኛ ወጣ ተብሎ ሰርተፊኬት ተሰጠው። መስታወት ውስጥ አድርገው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰቅለውታል። እኔን ደግሞ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ተዋናይዋ ነው የሚሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ልዋሽሽ፣ ሰው ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቆይ፣ እማ ጠራችኝ።

ውሃ ነበር የፈለገችው። ከንፈሯን አረጠብኩላት፣ መዋጥ ግን አልቻለችም፣ በአንገቷ ወረደ። "ለማን ነው የምትጽፊው?" አለችኝ። ለእትዬ ስላት ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? "እንዳታስደነግጫት" አለችኝ። እሺ አልኳት።

እና ዶሮዎቹ ማለቅ ጀመሩ። ጠዋት ዶሮ ቤቱ ገብቼ ሳይ ጥግ ጥጉን ተደፍተዋል፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀዩ ኩክኒያቸው ጠቁሯል፣ በሕይወት ያሉትም አንገታቸውን ጥለው እንደ ሰካራም ይወዛወዛሉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከዚህ በፊት ያየሁት ያህል ነው የተሰማኝ፣ በቃሌ የያዝኩት ነገር እግር አውጥቶ ፊቴ የቆመ። ባለዶሮው መጣና አየና "አፍሽን የከፈትሽ ቀን ይሄን በርም ከፍተሽ ትወጫለሽ" አለኝ። የሞቱትን ከጓሮ ቅበሩ አለን፣ የፈለገ ደግሞ ወደ ቤቱ ይውሰድ። እንቁላሉ ግን መጫኑን አላቆመም፣ ዛሬም ይሄው እየተጫነ ነው፣ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው፣ እንዳትገዢ።

እኔ ወደ ቤት አላመጣሁም፣ እመኚኝ፣ እማ ናት ሰምታ ከጓሮው ተሸክማ ያመጣችው። ታውቂያታለሽ፣ የሚጣል ነገር ስታይ ያማታል። "ሥጋውን አንነካም፣ ላባው ምን አደረገ?" አለችና በሩ ላይ ተቀምጣ ስትነጭ ዋለች። "እማ ተይ፣ እትዬ ያለችው በሽታ ነው" ስላት "እትዬ ወግ ነው ብላለች" አለችኝ። አየሽ፣ አንቺን ነው የምታምነው። ላባው ፀጉሯ ላይ ፊቷ ላይ ሁሉ በረዶ የወረደባት መስሎ ተጣብቆ "ሙሽራ መሰልኩ?" ትለኛለች እየሳቀች፣ አፍንጫዋ ውስጥ እየገባ ታስነጥሳለች። ትራስ ሰፋችበት። አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ላንቺ። ያንቺ ሳጥኑ ውስጥ አለ። እሷ አሁን የራሷ ላይ ነው የተኛችው።

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ያዛት። እንደ ምድጃ ነደደች። ለማን ልናገር፣ ላንቺ ደወልኩ፣ ይሄ ሥራሽ አይደል። ያኔ አንስተሽ ነበር።

"ምን ሆንሽ ጩጬ? ስብሰባ ላይ ነኝ" አልሽኝ።

ምን ልበል? ድንጋጤ ላይ ነኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ አነጋገር አላውቅበትም፣ "እትዬ፣ ዶሮዎቹ ድንገት ማለቅ ጀመሩ። ከዚያ እማን ትኩሳት ያዛት" አልኩሽ።

ከዚያ በቀስታ፣ በዚያ ሰው ስትንቂ በምታወጪው ድምፅ፣ "ወደድሽው አይደል?" አልሽኝ።

"ኧረ እትዬ—"

"ቃል በቃል እኮ ነው። ቢያንስ አንዲት ቃል ከራስሽ ብትጨምሪ ምን ነበር? ሰው ሲያይሽ ደስ አለሽ፣ አጨበጨቡልሽ፣ አሁን ደግሞ እኔ ላይ ልትሠሪብኝ ነው።"

"ትንፋሽ ያጥራታል" አልኩሽ።

"ቀጥዪ፣ የሚቀጥለውንም አውቀዋለሁ" አልሽና ዘጋሽው።

አልተቀየምኩሽም። እኔም አንቺን ብሆን አላምነኝም። ግን እትዬ፣ ያስጠናሽኝን ትንሽ አበላሽተሽ ብታስጠኚኝ ምን ነበረበት? እውነቱ ሲመጣ እኔ የምናገረው ሌላ ነገር እንዲተርፈኝ።

ስለዚህ ትናንት እንቁላል የምንገፋበትን ጋሪ ለምኜ እማን እሱ ላይ አስቀምጬ እየገፋሁ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድንጋዩ ባንገጫገጫት ቁጥር "ይቅርታ" ትለኛለች፣ እኔ ነኝ የምገፋት እሷ ይቅርታ ትለኛለች። ዘበኛው ከሩቅ አይቶኝ ከወንበሩ ተነሳ።

"ተዋናይዋ" አለ፣ "ዛሬ ደግሞ ከነእቃሽ መጣሽ?"

"ጋሼ፣ እናቴ ናት፣ ልትሞትብኝ ነው።"

"ባለፈው ተራው ያንቺ ነበር" አለና ወደ ውስጥ ተጣራ፣ "ተነሱ፣ ፈተና መጥቷል።"

ውይ እትዬ፣ እንዴት እንደተሯሯጡ ብታዪ። ነርሷ ጓንት እያጠለቀች፣ አንዱ በር እየከፈተ፣ አንዱ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን በሽተኛ ወዲያ በሉ እያለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። እማን "በቃ ዳንን" አልኳት። ዶክተሩ ጋዋኑን እየቆለፈ ወጣና ነርሷን "ሰዓት ያዢ" አላት። ለእማም ለእኔም ማስክ አደረጉልን፣ ለብቻ ማቆያው ክፍል አስገቡን፣ መወልወያና ባልዲ ነበረበት እሱን አወጡት። እማን አልጋ ላይ ደግፈው አወጧት፣ እማማ ቀስ ይበሉ ምናምን እያሉ። ካንቺ መልእክት አንዲት ነገር አላጎደሉም።

"ሥራሽ ምንድን ነው?" አለኝ ዶክተሩ።

"እንቁላል ለቀማ ነው የምሠራው። ዶሮዎቹ ድንገት ማለቅ ጀመሩ" አልኩት።

ቀጥሎ ያለውን አብሮኝ አለው። "ከዚያ እናቴን ትኩሳት ያዛት" አለ፣ እንደሚያውቀው ዘፈን። ነርሷ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

"ዶክተር፣ ይሄ ልምምድ አይደለም።"

"ባለፈውም እንደሱ ብለሻል።"

"ባለፈው እህቴ በይ ብላኝ ነው።"

"አሁንስ ማን በይ አለሽ?"

ማንም አላለኝማ። ማንም በይ ያላለውን ሰው እንዴት ነው የሚያምኑት?

ነርሷ ትኩሳቷን ለካችና "ዶክተር፣ ይሄ እኮ በጣም ከፍ ብሏል" አለች። እሱ ቀና ሳይል "ብብታቸውን ፈትሺ" አላት። ፈተሸች። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ቆሞ እያየ፣ እማን፣ እኛ ፊት እንኳን ልብስ ቀይራ የማታውቀውን፣ በዚህ ብብቷ በዚያ ብብቷ፣ ከዚያ ቀሚሷን ገልባ በጭኗ መሃል ጠርሙስ ፈለገች። እማ ዓይኗን ጨፈነች። "ጠርሙስ የለም" አለች ነርሷ፣ ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። "ሳይገቡ አውጥታዋለች፣ ጋሪው ውስጥ ይሆናል" አለ እሱ። ያኔ እማ ሳለች። ማስኩ ከውስጥ ቀላ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየና "ከረሜላውን እንኳን አልቀየራችሁትም" አለ።

ጨርቄን ጥዬ ልሄድ ምን ቀረኝ። እግሩ ላይ ወደቅኩ። እና አፌ እትዬ፣ ይሄ የተረገመ አፌ፣ "እማ ትሙት የእውነት ነው" አለ። አጠገቤ ናት እኮ። እጇን ይዣለሁ እኮ። ዶክተሩ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ፣ "አጠገብሽ አስቀምጠሽ?" አለኝ። እማ ደግሞ በማስኩ ስር፣ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ "እውነቷን ነው ዶክተር ልጄ፣ ልሞት ነው" አለችው።

"እማማ፣ እርስዎ ከልጅዎም ይበልጣሉ" አላት።

ኦክስጅኑን አምጥተው ከፈቱላት። ይሄን ነው ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት። ከንፈሯ ከሰል መስሎ ነበር፣ ኦክስጅኑን ስታገኝ ቀስ እያለ መልክ ያዘ፣ ዓይኗን ገልጣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፣ "ውይ ደስ ሲል" አለች፣ ልክ ጥላ ውስጥ ገብታ ጫማዋን እንዳወለቀች ሰው። በስልክ ፎቶ አነሷት። ከዚያ መድኃኒቱን ከቁምሳጥኑ አወጡ፣ ያንን አንቺ ሁሌም ሊኖራቸው ይገባል የምትዪውን፣ ከነካርቶኑ ደረቷ ላይ አድርገው እሱንም ፎቶ አነሱ። ከዚያ መለሱትና ቆለፉት።

"አንዷን ፍሬ ብቻ" አልኩት።

"የልምምድ በሽተኛ መድኃኒት አይውጥም" አለኝ፣ በትህትና ነው ያለኝ፣ ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። "ለእናንተ ካጠፋነው የእውነተኛው ሲመጣ ምን እንሰጠዋለን?"

እህቴን ላናግርልዎት ብዬ ደወልኩልሽ። ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉም እየሰማ። አንዴ ጠራና ተቋረጠ። "አየሽ" አለኝ፣ "ልምምድ ላይ አታነሳም፣ ደንባቸው ነው። የእውነት ቢሆን ኖሮ እሷ ራሷ ነበረች የምትደውልልኝ።" ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ያንቺን መልእክት አነበበልኝ፣ በቅርቡ የላክሽውን፣ በዚህ ወር ድንገተኛ ልምምዶች ስለሚቀጥሉ ሐኪሞች ነቅተው ይጠብቁ የሚለውን። "ይኸው ነቅተናል፣ በይ ንገሪያት" አለኝ። "ደግሞ ስልኬ በእህትሽ መልእክት ጉንፋን ሊይዘው ነው በያት።" ነርሷ ሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅኩ መሰለኝ። ካልሳቅኩ የሚቆጣ መሰለኝ።

"ልምምዱ አልቋል" አለ ዶክተሩ። አንቺን ሳይጠብቅ ራሱ አለው።

አጨበጨቡ። አግዳሚው ላይ ያሉት በሽተኞች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እማ ለምን እንደሆነ አልገባትም፣ ሰው ሲያጨበጭብላት ጊዜ አንገቷን ዝቅ አድርጋ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ኦክስጅኑን ነቀሉት። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ ከንፈሯ ተመልሶ ሲጠቁር አየሁ። ጋሪው ላይ ያወጣኋት ብቻዬን ነው፣ ልምምዱ ስላለቀ ማንም አልደገፈልኝም።

ነርሷ ብቻ በሩ ጋ ተከትላኝ መጣች። እጇን እያሻሸች ነው፣ ያ እማን የነካችበትን። "የእውነት ከሆነ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "እህትሽ ለእሱ ትደውልለት። እኔ ብነግረው ተታለልሽ ብሎ ነው የሚስቅብኝ። ከቢሮው ከተደወለ ግን መኪና ልኮ ያስመጣችኋል። ሲመሽ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላ ስልክ አያነሳም፣ ሳይመሽ በያት።" ዘበኛው ደግሞ ስወጣ "ከረሜላ ልስጥሽ?" አለኝ።

ይሄው ነው እትዬ። ሌሊቱን አደርን። ግቢው ውስጥ ማንም አይጠጋንም፣ በሩን ከውጭ በሽቦ አስረውታል፣ ይፈቱታል ብዬ እጠብቃለሁ፣ አልፈረድኩባቸውም። ውሃ በመስኮት ነው የሚያቀብሉኝ።

እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ልምምድ ሲያልቅ የምትሉት ቃል አላችሁ። ልምምድ ላልሆነው ጊዜ ምን የምትሉት ቃል አላችሁ? ለሐኪሞቹ ያን ሁሉ ስትልኪ፣ ተጠንቀቁ፣ ተዘጋጁ፣ ንቁ፣ ሰዓት ያዙ ስትዪ፣ ይሄኛው የእውነት ነው ብለሽ የላክሽበት ቀን አለ? እነሱ እኮ ሁሉን ያውቃሉ፣ ምንም አልጎደላቸውም፣ ያቺን ብቻ ነው ያልነገርሻቸው።

ሾፌሩ አንዴ ጥሩምባ ነፋ። ልጨርስ።

እማ ዝም ብላለች። ተኛች መሰለኝ፣ ስጽፍ አላስተዋልኩም ማቃሰቷን መቼ እንደተወች። ጥሩ ነው፣ እንቅልፍ ከያዛት ጥሩ ነው፣ ያረፈ ሰው ይሻለዋል።

ተነስቼ አየኋት። ትኩሳቱ ለቋታል እትዬ፣ ግንባሯ ቀዝቅዟል፣ እጇም እግሯም ቀዝቅዟል። ያ ሁሉ እሳት አንዴ ወረደላት። ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ነው የተኛችው፣ ብርሃኑ እንዳይረብሻት ከደንኩላት። አፏ እየተከፈተባት ሲያስቸግረኝ አገጯን በሻሿ አሰርኩላት፣ ጉሮሮዋ እንዳይደርቅ። ያንቺን ትራስ አውጥቼ ከስሯ ጨመርኩላት፣ አትቀየሚኝም አይደል። ፀጉሯ ውስጥ አንዲት ላባ ቀርታ ነበር፣ እሷን ለቀምኩላት። አላስደነገጥኩሽም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። አንቺ መጀመሪያ ለዶክተሩ ትደውይለታለሽ። "ይሄኛው ልምምድ አይደለም" ትይዋለሽ፣ እሱን ብቻ፣ ሌላ ነገር አትጨምሪበት። ከዚያ ለሌሎቹም ላኪላቸው፣ እንቁላሉ የሚደርስበት ቦታ ላሉት ሐኪሞች ሁሉ። ከዚያ ለእኔ። እኔም ደህና ነኝ፣ ትንሽ ይበርደኛል፣ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ይበርደኛል፣ ሳወራ ቃል መሃል ላይ ያቋርጠኛል፣ ያ የሚቀጥለው ነገር፣ አንቺ አውቀዋለሁ ያልሽው። ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነው የምልከው ግን አንብበሽ ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ፊትሽን እንዳትነኪበት። እዚህ ጥጉ ላይ ቀይ ነገር ካየሽ ከረሜላ አይደለም።

በምን ልማልልሽ እትዬ? እንዴት ብዬ ላሳምንሽ? ድሮ ከልጅነታችን ጀምሮ አላምንም ስትዪኝ "እማ ትሙት" እልሽና እሺ ትይኝ ነበር። ያን መሐላ ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ለምን ተውሽው ብለሽ አትጠይቂኝ።

ሾፌሩ ደግሞ ነፋ። ትንፋሽሽ አይጠር እህቴ። የምትስቢው አየር አይጉደልብሽ፣ ደረትሽ ሰፊ ይሁን፣ የሚያምንሽ ሰው አትጪ። ስታረጂ የሚደግፍሽ እጅ ጓንት አያጥልቅ።

ስትደውዪ እማን አቅርቢልኝ እንዳትዪኝ፣ ተኝታለች። ስልኩን እጄ ላይ ይዤ መስኮቱ ስር ተቀምጫለሁ። ምንም ባትናገሪ እንኳን፣ አንዴ ብቻ ይጥራና ስምሽን ልየው። ሳይመሽ ግን፣ በሞቴ፣ ዶክተሩ ሳይወጣ፣ እኔም መናገር ሳያቅተኝ። ሳይመሽ ደውዪልኝ።

ጩጬሽ